የእህቴ ኩላሊት፣ የጎረቤቴ ክኒን

የአንባቢያን የጤና ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ ፋርማሲስት። ጤና ይስጥልኝ። 47 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች አባትና የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመው ለአንድ ዓመት ከሰባት ወር ዲያሊሲስ (በማሽን የደም እጥበት) ላይ ከቆየሁ በኋላ ታናሽ እህቴ አንዱን ኩላሊቷን ሰጠችኝ። ንቅለ ተከላው ከተደረገልኝ እነሆ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፤ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒኔ 1.3 ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የምወስዳቸው መድኃኒቶች ሰውነቴ የተተከለውን ኩላሊት እንዳያጠቃው ሳይክሎስፖሪን፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን፣ ለደም ግፊት ደግሞ አምሎዲፒን ናቸው። መጀመሪያ ታክሮሊመስ ነበር የምወስደው፤ ስኳሬን ከፍ እያደረገ ስላስቸገረ ከሰባት ወር በፊት በሳይክሎስፖሪን ተተካ።

ባለፈው ወር በተደረገልኝ የደም ምርመራ ጠቅላላ ኮሌስትሮሌ 259፣ መጥፎው የሚባለው ኤልዲኤል 171፣ ጥሩው 46፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ 210 ሆኖ ተገኘ። ቀጠሮዬ ገና ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ይህን ያጫወትኳቸው ጎረቤቴ፣ እሳቸውም ኮሌስትሮል ያለባቸው ጡረተኛ ናቸውና፣ ከራሳቸው ሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም አካፈሉኝ። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። ከሦስት ቀን ወዲህ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወጣ ጭኖቼን ያመኛል፤ የድካም መስሎኛል።

እህቴ እሑድ እሑድ ዶሮ ወጥ ሠርታ ትመጣለች። «የእኔ ኩላሊት ቅቤ የለመደ ነው፤ አታስርብብኝ» እያለች ታጎርሰኛለች። እሷን እምቢ ለማለት አንደበት የለኝም። ኮሌስትሮሉ የሰጠችኝን ኩላሊት ያበላሽብኛል? ክኒኑን ልቀጥል? ምን ልብላ? እንደ ታላቅ እህት ሆነው ይምከሩኝ።

የእህቱ ባለዕዳ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደ ታላቅ እህት ካልከኝ አንተ እያልኩ እጽፍልሃለሁ።

ለሌሎች አንባቢዎች ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ይህ ደብዳቤ መጽሔቱ እስኪታተም የሚያስጠብቅ አልነበረም። «አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው» እና «ጭኖቼን ያመኛል» የሚሉትን እንዳነበብኩ ደብዳቤው ግርጌ ባሰፈረው ስልክ ደወልኩለት። ከክፍል ወጥቶ አነጋገረኝ። መጀመሪያ የሽንቱን ቀለም ጠየቅሁት፤ እንደ ወትሮው ነው አለኝ። ጠቁሮ ወይም እንደ ሻይ ቀልቶ ቢሆን ኖሮ ትምህርቱን አቋርጦ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ ነበር የምነግረው። ሲምቫስታቲኑን እንዲያቆም፣ ሌሎቹን መድኃኒቶች ግን አንዷንም እንዳይነካ፣ ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዞ ከሰዓት በኋላ ንቅለ ተከላውን ወደሚከታተሉለት ሐኪሞች እንዲሄድ ነገርኩት። ሄደ። የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየው ክሬአቲን ካይኔዝ የተባለው ምርመራ 1,140 ሆነ፤ የጤነኛ ሰው እንደየላቦራቶሪው 200 አካባቢ ነው። ክሬቲኒኑ ከ1.3 ወደ 1.4 ብቻ ነበር ያለው። በአሥረኛው ቀን ሲደገምለት የጡንቻው ቁጥር ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ጭኑም ድኗል። ደብዳቤውን እንዳወጣው የፈቀደልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ምን ሆነ መሰለህ? እንደ ሲምቫስታቲን ያሉት፣ ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ዋና ሥራቸውን የሚሠሩት ጉበት ውስጥ ነው። ከደም ወደ ጉበት የሚያሳልፋቸው በር አለ። ከገቡ በኋላ ደግሞ ሲምቫስታቲንንና አቶርቫስታቲንን የሚሰባብር ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለ ኢንዛይም አለ። ሳይክሎስፖሪን በሩንም ያጠብባል፣ ኢንዛይሙንም ያዳክማል። ስለዚህ አንተም ጎረቤትህም የዋጣችሁት እኩል 40 ሚሊግራም ቢሆንም በአንተ ደም ውስጥ የሚዘዋወረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ትርፉ ጡንቻ ላይ ያርፋል። ጡንቻ ሲጎዳ የሚለቀው ማዮግሎቢን የሚወጣው ደግሞ በኩላሊት በኩል ነው፤ ሲበዛ ኩላሊትን ይዘጋዋል። እህትህ የሰጠችህን ኩላሊት ይጎዳው የነበረው ኮሌስትሮሉ ሳይሆን ይህ ነበር።

ሲምቫስታቲንና ሳይክሎስፖሪን አብረው አይወሰዱም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2011 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ማጣመር በግልጽ ክልክል አድርጎታል። የደም ግፊት መድኃኒትህ አምሎዲፒን እንኳ፣ ሳይክሎስፖሪን ባይኖርም፣ ሲምቫስታቲን ከ20 ሚሊግራም እንዳያልፍ ያስገድዳል። ጎረቤትህን አትቀየማቸው፤ ያካፈሉህ ከልባቸው ነው፣ ለእሳቸውም መድኃኒቱ ትክክለኛ ነው። ለአንተ ግን «የኮሌስትሮል መድኃኒት» የሚባል አንድ ነገር የለም። ለአንተ ያለው ከሳይክሎስፖሪን ጋር የሚስማማ የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው፤ እሱንም የሚመርጠው የኩላሊትህን መድኃኒቶች አንድ በአንድ የሚያውቅ ሐኪም ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ የምቆጣው በቤቴ ስላየሁት ነው። ታናሽ ወንድሜ ንቅለ ተከላ የተደረገለት በ2003 ዓ.ም. ሕንድ ሄዶ ነው። ያኔ አገልግሎቱ በአገራችን አልነበረም፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከተመለሰ በአራተኛው ዓመት ሳል ያዘው። እኔ ለሥራ ወጥቼ ነበርና ከአንድ መድኃኒት ቤት ክላሪትሮማይሲን ገዛ። ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም አልተናገረም። በአምስተኛው ቀን ስመለስ እጁ እየተንቀጠቀጠ የቡና ሲኒ መያዝ አቅቶት አገኘሁት። በደሙ ውስጥ ያለው ታክሮሊመስ ከሚፈለገው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነበር፤ ያ ፀረ ተሕዋስ ያንኑ የጉበት ኢንዛይም ስለሚያፍን ነው። ክሬቲኒኑ ወደ ቀድሞው እስኪመለስ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልተኛሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠንና ሰዓት የጻፍኩባት የታጠፈች ካርቶን ከመታወቂያው ጋር በኪሱ ትውላለች። ጉንፋን ይሁን ጥርስ ሕመም፣ ከማንኛውም ሐኪምና መድኃኒት ቤት ፊት መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት። አንተም ዛሬ ማታ ጻፍ። ከላይ በቀይ «የተተከለ ኩላሊት አለኝ፤ ሳይክሎስፖሪን እወስዳለሁ» በል።

አሁን ወደ ቁጥሮችህ። ኤልዲኤል 171 ለምን ደረሰ? የምርመራህን ወረቀቶች በየቀናቸው ደርድራቸውና መድኃኒትህ ከተቀየረበት ወር ጋር አስተያያቸው። ሳይክሎስፖሪን ኮሌስትሮልን ከታክሮሊመስ የበለጠ ይጨምራል። ታክሮሊመስ በበኩሉ ስኳር ላይ ይከፋል፤ ሐኪሞችህ የተቸገሩት በሁለቱ መካከል ነው። ፕሬድኒሶሎንም ስቡን፣ ስኳሩንም፣ የምግብ ፍላጎቱንም ከፍ ያደርጋል። ማይኮፌኖሌት በዚህ አይከሰስም። ከእነዚህ ሌላ ሐኪምህ የሽንት ፕሮቲንህን፣ የታይሮይድ ዕጢህንና ስኳርህን እንዲያይልህ ጠይቀው፤ ሦስቱም ሲዛቡ ኮሌስትሮልን ያወጡታል። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ከሆነ ልቀንሰው የሚል ሐሳብ ግን በልብህ እንዳይገባ። የተተከለን ኩላሊት ሰውነት ባዕድ ነው ብሎ ከማጥቃት የሚያቆመው ያ መድኃኒት ነው፤ መጠኑን የሚነካው ሐኪምህ ብቻ ነው።

«ኮሌስትሮሉ ኩላሊቷን ያበላሽብኛል?» ላልከው ሳልሸፋፍን ልመልስልህ። ኩላሊት የተተከለላቸው 2,102 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት አለ፤ በአውሮፓና በካናዳ ተካሂዶ ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሁሉም እንደ አንተ ሳይክሎስፖሪን ወሳጆች ነበሩ። ግማሾቹ ፍሉቫስታቲን፣ ግማሾቹ ምንም ኃይል የሌለው አምሳያ ክኒን ተሰጣቸው፤ ከአምስት ዓመት በላይም ተከታተሏቸው። ስታቲኑ ኤልዲኤልን በ32 ከመቶ ቀነሰ፤ በልብ ሕመም የሞቱትና ለሞት ያላደረሰ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያጋጠማቸው ሰዎች ቁጥር ከአንድ ሦስተኛ በላይ አነሰ። የኩላሊቱን ዕድሜ ግን አላረዘመም። ስለዚህ የኮሌስትሮሉን ክኒን የምትውጠው ለኩላሊቱ ሳይሆን ለልብህ ነው። የተተከለላቸው ኩላሊት እየሠራ ሕይወታቸው ከሚያልፍ ሰዎች መካከል ዋናው ምክንያት የልብና የደም ቧንቧ ሕመም ነው። እህትህ የሰጠችህ ኩላሊት የሚኖረው አንተ ስትኖር ነው።

በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያም የኮሌስትሮሉ ቁጥር ብዙ ባያስፈራ እንኳ ኩላሊት ለተተከለለት አዋቂ ሰው ስታቲን እንዲሰጥ ይመክራል። የትኛው ስታቲን ነው ጥያቄው። ፍሉቫስታቲንና ፕራቫስታቲን በዚያ ኢንዛይም በኩል ስለማያልፉ ይሻላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ከሳይክሎስፖሪን ጋር መጠናቸው ይቀነሳል። ችግሩ እኔ በምሠራበት መደርደሪያ ላይ አዘውትሬ የማገኘው አቶርቫስታቲንን ነው። እሱን ከሳይክሎስፖሪን ጋር በተመለከተ የአገሮች መመሪያ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይዋሃዱ ይላል፣ የአውሮፓው ከ10 ሚሊግራም እንዳያልፍ ያዝዛል። ሮሱቫስታቲንን አሜሪካኖቹ እስከ 5 ሚሊግራም ይፈቅዳሉ፣ አውሮፓውያኑ ይከለክላሉ። የአንተ ሐኪሞች ጡንቻህ እስኪያገግም አንድ ወር ታግሠው አቶርቫስታቲን 10 ሚሊግራም ሊያስጀምሩህ፣ ከዚያ በላይም ላያሳድጉት እንደወሰኑ ነግረኸኛል። ጥንቃቄ ያለበት ውሳኔ ነው። ከጀመርክ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ደምህ ይመርመር። የጡንቻ ሕመም፣ ድካም ወይም የሽንት መጥቆር ከመጣ የዚያኑ ቀን ሂድ፤ ቀጠሮ አትጠብቅ።

አሁን ስለ ዶሮ ወጡ።

ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው እንዴት እንደሚበላ የቀመሰው ያውቃል። ሙዝ ተቆጥሮ፣ ድንች ውሃው ተቀይሮ፣ የሚጠጣው ውሃ በብርጭቆ ተለክቶ። ከዚያ አዲሱ ኩላሊት ሽንት መሥራት ሲጀምር፣ በፕሬድኒሶሎኑም የምግብ ፍላጎት ሲከፈት፣ ዘመድ ሁሉ ሰፌድ ይዞ ይመጣል። በወንድሜ ቤትም ያየሁት ይህንኑ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 14 ኪሎ ጨመረ። ያጎረሰው ሁሉ ደስታውን ነው ያጎረሰው፤ ማንን ትከለክላለህ?

እህትህን አትከልክላት። ወጡን አብራችሁ ቀይሩት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ቀዝቀዝ ሲል የሚረጋውና ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ስብ 7 ግራም ያህል አለው፤ ንጥር ቅቤ ደግሞ ውሃው ስለወጣ ትንሽ ይበልጣል። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚበላ ሰው ከዚህ ስብ ከ22 ግራም ባያልፍ ይመከራል። ሦስት ማንኪያ ማለት የቀኑ ድርሻ አለቀ ማለት ነው። የዶሮ ወጥ ሙያ ግን ቅቤው ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው። እናቴ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ውሃ ጠብ እያደረገች ከአንድ ሰዓት በላይ ታቁላላው ነበር። እህትህም እንደዚያ ታቁላላ፤ ጥቂት የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ታክልበት፤ ለመዓዛው ደግሞ ሊወጣ ሲል ለድስቱ በሙሉ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጠብ ታድርግበት። እንቁላሉን አንድ ብላ፤ የሌላውን አስኳል ለልጆችህ ስጥ። ጨውን በእጇ ትመጥን፤ በርበሬው ውስጥም አለ። ጉርሻውም አንድ ይሁን፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ከተባለ ሁለት ይሁን፣ ትንንሽ።

በሳምንቱ ቀናት ከዶሮ ወጡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዘይቱ ነው። ጠዋት ጠዋት በጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋው የዘንባባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ያ የሚረጋ ስብ ነው። ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ድንች ጥብስ በእሱ ሲጠበስ ጾም ቢሆንም ያው ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት ከአሥር እጅ ከአንድ እስከ ሁለት ያህል ብቻ ነው ያላቸው። ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ አውቃለሁ፤ የመምህር ደመወዝም አውቃለሁ። ስለዚህ ዘይቱን አሻሽለህ መጠኑን በግማሽ ቀንስ፤ ሽሮው አይጎድልበትም።

ክትፎና ቁርጥ ከኮሌስትሮሉ በፊት በሌላ ምክንያት ለአንተ ቀርተዋል። የመከላከል አቅምህን መድኃኒቱ ስለሚያዳክመው ጥሬ ሥጋም፣ ለብለብም፣ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎና አይብም ይቅሩብህ። ግሬፕፍሩት አትብላ፣ ጭማቂውንም አትጠጣ፤ ያንኑ ኢንዛይም ስለሚያፍን ሳይክሎስፖሪኑንም ስታቲኑንም በደምህ ውስጥ ያበዛቸዋል። ብርቱካን ችግር የለውም።

ስለ ቡና አልጠየቅኸኝም፤ ግን የጀበና ቡና ወዳጅ ትመስለኛለህ። ከአተላው ጋር የሚፈላ፣ በወረቀት የማይጣራ ቡና ካፌስቶል የተባለ ቅባት አለው፤ እሱም ኤልዲኤልን ይጨምራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱንም፣ ያውም ጠዋትና ማታ ከሆነ ይቆጠራል። አንድ ስኒ አቦል ጠጥተህ ቀሪውን ለጨዋታው ተቀመጥ። ቤት ውስጥ ብቻህን ስትጠጣ በወረቀት ማጣሪያ አጣራው።

ጾምን በተመለከተ፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ ለኮሌስትሮልህ መልካም ነው፤ ፖታሲየምህ ከፍ የሚል ከሆነ ግን መጠኑን ሐኪምህ ይንገርህ። ሰዓት ላይ ግን አልደራደርም። ሳይክሎስፖሪን በየ12 ሰዓቱ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብለህ የጠዋቱን አታሳልፍ። ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ። ጸበልም ስትሄድ መድኃኒትህ አብሮህ ይሂድ። ሌላም አለ፤ በሁዳዴ መጨረሻ የተለካ ኮሌስትሮልና በፋሲካ ሳምንት የተለካ ሊለያዩ ስለሚችሉ በአንዱ አትዘናጋ፣ በሌላውም አትደንግጥ። ምርመራውን ከዓመት ዓመት በተመሳሳይ ወቅት አድርገው፣ ወረቀቶቹንም አስቀምጣቸው።

ደግሞ እግርህ ሲሻልህ ተራመድ። ወንድሜ ከቤቱ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ ይወርዳል፤ ከጨመራቸው 14 ኪሎዎች ዘጠኙን ያወረደው እንደዚያ ነው።

ለእህትህ ይህን ገጽ አንብብላት። እሑድ የምትመጣው ወጥ ሠርታ ሳይሆን ሽንኩርቷን ይዛ ይሁን፤ አንተ ላጥላት፣ እሷ ታቁላላ።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አባቴ ባሕር ዳር ናቸው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ኩላሊት ተተክሎላቸዋል። ኮሌስትሮላቸው ጨምሯል ስላሉኝ በቀይ እርሾ የተብላላ ሩዝ በክኒን መልክና የዓሣ ዘይት በሰው ልልክላቸው ገዝቻለሁ። ተፈጥሯዊ ስለሆኑ አይጎዱም ብዬ ነው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሩዙን አትላኪው። በዚያ እርሾ ውስጥ ሞናኮሊን ኬ የሚባል ነገር አለ፤ ሎቫስታቲን ከተባለው መድኃኒት ጋር አንድ ነው። ሎቫስታቲን ደግሞ የሲምቫስታቲን ወንድም ነው፤ ከላይ በመምህሩ ላይ የደረሰውን አንብበሻል። ይባስ ብሎ መጠኑ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ሐኪማቸው ምን ያህል እንደወሰዱ ማወቅ አይችሉም። የዓሣ ዘይቱ የሚቀንሰው በዋናነት ትራይግሊሰራይድን እንጂ ኤልዲኤልን አይደለም፤ ስለ እሱም ሐኪማቸውን ሳትጠይቂ አትላኪ። ገንዘብሽን የክንድ ደም ግፊት መለኪያና የጠዋትና የማታው የተለየበት የሳምንት መድኃኒት ማስቀመጫ ግዢበት፤ የሚመጣው ሰው እነዚህን ይያዝላቸው።

አባትሽ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስዱ አልጻፍሽልኝም። በሚቀጥለው ስትደውዪ ክኒኖቻቸውን ከነካርቶኑ አውጥተው አንድ በአንድ ያንብቡልሽና ጻፊልኝ።